ድንጋይ መሬት ላይ ለተተከለ ሶላር ኧርዝ (መሬት ማስያዣ) እንዴት ይሰራል? ሮዱ አልገባ ብሎናል (ጅማ አካባቢ)

ቡናና_ፀሐይ፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ አሰላሙ አለይኩም። ግቢያችን ከጅማ ወደ ዴዶ በሚወስደው መንገድ ነው፣ ዳገት ላይ፣ ቡናና እንሰት ያለበት ቦታ። መብራት አለ ግን ዝናብ ሲጀምር አብሮ ይጠፋል ስለዚህ ከወንድሜ ጋር ተማክረን ሶላር ገዛን፣ 8 ፓኔል እያንዳንዱ 550 ዋት፣ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተርና 48 ቮልት ሊትየም ባትሪ። ጣሪያችን የቆየ ቆርቆሮ ነው፣ ማገሩም ስለደከመ አይችልም ተብሎ ፓኔሉ መሬት ላይ በአርኤችኤስ (ባለአራት ማዕዘን ቱቦ) ብረት ነው የሚቆመው። ከቤቱ 40 ሜትር ያህል ይርቃል፣ ጥላ የማያርፍበት ቦታ እዛ ብቻ ነው።

ችግሩ መሬቱ ነው። ላይ ላዩን ደህና ቀይ አፈር ነው፣ ጉልበት ድረስ ትቆፍራለህ ከዛ በታች ጥቁር ድንጋይ ነው። የ2.4 ሜትሩ የኧርዝ ሮድ (መሬት ውስጥ የሚመታው የብረት ዘንግ) 70 ሳንቲም ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ፣ ቦታ ቀየርን ያው ነው፣ በመዶሻ ብዛት ጫፉ ተጨፍልቆ ክላምፑ ራሱ አልገባ አለ።

አሁን ሶስት ሰው ሶስት ነገር እየነገረን ነው። የሚገጥምልን ልጅ ከላይ የተረፈውን በግራይንደር ቆርጠን እንሰረው ነው የሚለው። ሌላው ከሰልና ጨው ሙላበትና ውሃ አጠጣው ይላል። ሶስተኛው ሰውዬ ደሞ ፓኔሉ ጋ ለብቻው ሮድ፣ ቤቱ ጋ ለብቻው ሮድ ይሁን፣ ሁለቱን ግን በሽቦ እንዳታገናኙ መብረቁን ይዛችሁ ቤት ትገባላችሁ አሉን። ይሄኛው እንቅልፍ ነሳኝ ምክንያቱም እኛ ጋ መብረቅ በጣም ነው የሚወርደው፣ ልጆችም ከብቶችም የሚያልፉት በፓኔሉ በኩል ነው።

እና ጥያቄዬ፣ ድንጋይ ላይ ትክክለኛ ኧርዝ እንዴት ነው የሚሰራው? ሁለቱ ይገናኙ ወይስ አይገናኙ? የእግሮቹ ኮንክሪት ገና አልተሞላም፣ የኬብሉ ቦይም አልተቆፈረም፣ ስለዚህ ከአሁኑ የሚስተካከል ነገር ካለ ንገሩኝ። ዝናቡ ሳይጠነክር መጨረስ ነው የምንፈልገው።


የሰቃ_ልጅ፦

ወንድሜ ብዙ አትጨነቅ፣ እኛ ሰፈር ከሰልና ጨው ነው የሚደረገው። ጉድጓድ ትቆፍርና ሮዱን አስተኝተህ ከሰል ትሞላለህ፣ ጨው ትበትንበታለህ፣ በጋ ላይ አልፎ አልፎ ውሃ ታፈስበታለህ በቃ። የአጎቴ ወፍጮ ቤት በዛ ነው የሚሰራው እስካሁን ምንም አልሆነም አልሀምዱሊላህ። ሮዱን መቁረጡን ግን እኔም አልስማማበትም፣ 70 ሳንቲም ሮድ ምን ይሰራል።


የፈረንጅ_አራዳ_ኤሌክትሪሺያን፦

ሰላም ወንድሜ። ስራዬ ይሄው ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ሁሉም ሰው ሀሳቡን የሚጥለው ሮዱ ላይ ነው፣ ሰውን የሚያድነው ግን ከሮዱ በፊት ሽቦው ነው። ሽቦው ስል የፓኔሎቹን ፍሬምና የአርኤችኤሱን ብረት ሰብስቦ እስከ ኢንቨርተሩ ቦዲና እስከ ቤቱ የኧርዝ ባር (የኧርዝ ሽቦዎች ሁሉ የሚታሰሩበት ብረት) ድረስ የሚሄደውን ማለቴ ነው። እስቲ አስበው፣ ቤት ውስጥ የሆነ ዕቃ ላይኑ (ኤሌክትሪክ የያዘው ሽቦ) ተልጦ ቦዲውን ነካ እንበል። ዕቃው ያለው ሮድ ብቻ ከሆነ፣ ሮዱ 25 ኦም (ኦም የተቃውሞ መለኪያ ነው፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል) ቢሆን እንኳን (25 ኦም ጎበዝ ሮድ ነው፣ አንተ ድንጋይ ላይ በቀላሉ አታገኘውም) 220 ቮልት ለ25 ሲካፈል 9 አምፔር እንኳን አይሞላም። 16 አምፔሩ ብሬከር ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀመጣል፣ ቦዲው ደሞ ልጅ መጥቶ እስኪነካው ድረስ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል። ሽቦው ተስቦ ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) እና ኧርዙ በትክክለኛው አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተው ከሆነ ግን ኤሌክትሪኩ በዛው በሽቦው ነው የሚመለሰው። 40 ሜትር 10 ስኩዌር (ስኩዌር ሚሊሜትር) መዳብ ጠቅላላ ተቃውሞው 0.07 ኦም ነው፣ ከ25 ጋር አወዳድረው። ድንጋይ ላይ ሮድ ስትመታ ውለህ ሽቦውን ከረሳህ ዋናውን ነገር አልሰራህም።

ፓኔሉ ጋ ደሞ ነገሩ ዲሲ ነው። 8ቱ ፓኔል በተከታታይ ሲታሰሩ ጠዋት በብርዱ ከ400 ቮልት ሊያልፍ ይችላል። ኬብሉ የሆነ ቦታ በብረቱ ጥርስ ተልጦ ፍሬሙን ቢነካ ፊውዝ ይቃጠላል ብለህ እንዳትጠብቅ፣ አንድ ስትሪንግ (በተከታታይ የታሰሩት ፓኔሎች) ሙሉ በሙሉ ሾርት ቢሆን እንኳን የሚሰጠው 14 አምፔር አካባቢ ነው። ፍሬሙ በሽቦ ከኢንቨርተሩ ኧርዝ ጋር ከተያያዘ ብዙዎቹ ኢንቨርተሮች ይሄን አይተው የኢሶሌሽን ፎልት (መስመሩ ወደ ኧርዝ እያፈሰሰ ነው) ብለው ይቆማሉ። ካልተያያዘ ኢንቨርተሩ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ብረቱ ላይ ያለው ቮልት እዛው ሰው ይጠብቃል።

ስለዚህ ከሶስቱ ምክር በጣም ያስፈራኝ ሶስተኛው ነው። መብረቅ የግድ ፓኔሉን መምታት የለበትም፣ አጠገባችሁ ያለ ዛፍ ላይ ቢወርድ እንኳን ፓኔሉ ጋ ያለው መሬትና ቤቱ ጋ ያለው መሬት ለአፍታ በሺዎች በሚቆጠር ቮልት ይለያያሉ። ሁለቱን ሮድ በመዳብ ካላገናኘሃቸው በመሃላቸው ያለው ብቸኛ መንገድ የዲሲ ኬብልህና ኢንቨርተርህ ነው፣ ስለዚህ ልዩነቱ እዛ ውስጥ ያልፋል። ኢንቨርተሩ ይቃጠላል፣ ባትሪውም ሊከተል ይችላል። ፓኔሉ ጋ ሮድ መጨመር ጥሩ ነው፣ ግን ከቤቱ ኧርዝ ጋር የግድ ይታሰር። የግድ።

አሁን ወደ ድንጋዩ። የአሜሪካው የኤሌክትሪክ ኮድ ለእንዲህ አይነት መሬት ቅደም ተከተል አለው፣ እኔም እሱን ነው የምከተለው። ሮዱ ቀጥ ብሎ ካልገባ እስከ 45 ዲግሪ አጋድመህ ትመታዋለህ፣ ድንጋዩ ስንጥቅ ካለው አንዳንዴ ተንሸራቶ ይገባል። እሱም እምቢ ካለ ሙሉውን ሮድ፣ ሙሉውን እላለሁ፣ ቢያንስ 76 ሳንቲም ጥልቀት ባለው ቦይ ውስጥ ታስተኛዋለህ። አንዱ 25 ኦም ካልደረሰ ሁለተኛ ትጨምራለህ፣ በመሃላቸው ቢያንስ 1.8 ሜትር ይኑር፣ ቦታ ካለህ ደሞ የሮዱን ርዝመት እጥፍ ያህል አራርቀው። መቁረጥ የትም የለም።

አንተ ግን ከዚህ የተሻለ ነገር እጅህ ላይ አለ፣ ቦዩ አልተቆፈረም ብለሃል። ለኬብሉ 40 ሜትር መቆፈርህ ካልቀረ እዛው ቦይ ስር ራቁት መዳብ ከዳር እስከ ዳር ዘርጋበት፣ ከ25 ስኩዌር ያነሰ እንዳትገዛ፣ 35 ከተገኘ እሱን። ፓኔሉንና ቤቱን የሚያስተሳስረው ሽቦም እሱ ይሆናል፣ ኧርዙም ራሱ እሱ ይሆናል፣ በአንድ ቁፋሮ። ሂሳቡን እየው፣ አግድም የተቀበረ ሽቦ ኦሙ በግምት የአፈሩ ሬዚስቲቪቲ (አፈሩ ራሱ ኤሌክትሪክን የሚቃወምበት መጠን) በ2 ተባዝቶ ለርዝመቱ ሲካፈል ነው። መሬትህ መጥፎ ነው ብለን 500 ኦም ሜትር እንያዝ፣ 2 ጊዜ 500 ለ40፣ 25 ኦም መጣልህ። በዚሁ መሬት የ2.4 ሜትር ሮድ ሙሉ በሙሉ ቢገባልህ ራሱ 200 ኦም አካባቢ ነው፣ 70 ሳንቲም ላይ የተቆረጠው ደሞ ከ500 ኦም በላይ። ድንጋይ ላይ ወደ ታች ከመታገል ወደ ጎን መርዘም ነው የሚያዋጣው።

ቦዩ 76 ካልደረሰና 50 ላይ ድንጋዩ ካስቆመህ ስለ እሱ አትሙት፣ ርዝመቱ ይክሰዋል። ግን መንገዱን ቀጥታ መስመር ብለህ ድርቅ አትበል፣ አፈሩ የሚወፍርበትና እርጥበት የሚቆይበት ቦታ እየፈለግህ ትንሽ ጠምዘዝ አርገው። የእንሰቱ ስር፣ የጓሮ ውሃ የሚወርድበት በኩል፣ በጋ ላይ ሳሩ ቶሎ የማይደርቅበት ቦታ። ሲሞላ ደሞ የወጣውን ድንጋይና ጠጠር መልሳችሁ እንዳትሞሉበት፣ መዳቡ በሁሉም በኩል የተነፋ ቀይ አፈር ይንካው፣ እየረገጣችሁ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ። በመዳቡና በድንጋዩ መሃል አየር ከቀረ እዛጋ ያለው ሽቦ እንደሌለ ቁጠረው። ከዛ 20 ሳንቲም አፈር፣ ከሱ በላይ የዲሲ ኬብሉ በቱቦ፣ ከዛ ማስጠንቀቂያ ላስቲክ። ኬብሉና መዳቡ ተጠጋግተው መሄዳቸው ለመብረቅም ይጠቅማል።


ቡናና_ፀሐይ፦

ወንድሜ ዱዓዬ ይድረስህ፣ ይሄን ያህል የተብራራ ነገር አልጠበቅኩም። ገጣሚው ልጅ አጠገቤ ሆኖ አነበበው፣ መቁረጡን ትቶታል። ሁለት ነገር ልጨምር፣ ራቁት መዳብ 40 ሜትር ዋጋው ከበድ ይላል፣ ደሞ መዳብ መሆኑ ከታወቀ ተቆፍሮ ይሰረቃል ብለው የሚያስፈራሩን አሉ። በሱ ፈንታ ፌሮ ወይም የጋልቫናይዝድ ላሜራ ብንቀብርስ? ሌላው የእግሮቹ ኮንክሪት ስላልተሞላ በሱ በኩል የሚሰራ ነገር አለ ሲባል ሰምቼ ነበር፣ እውነት ነው?


ኦምና_ቮልት፦

ከላይ የተጻፈውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ፣ በአንድ ነገር ብቻ ትንሽ ለየት እላለሁ እሱን ወደ ታች አመጣዋለሁ። መጀመሪያ ጥያቄህን ልመልስ።

ራቁት ፌሮ አፈር ውስጥ አትቅበር። የጅማ አፈር ቀይ፣ አሲዳማ፣ ዓመቱን ሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ እርጥብ ነው፣ ብረቱን ይበላዋል፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ኧርዝ አለኝ ብለህ ታስባለህ ግን የለህም። በሆት ዲፕ (በቀለጠ ዚንክ) የተነከረ ጋልቫናይዝድ ላሜራ፣ ወርዱ 30 ውፍረቱ 3.5 ሚሊሜትር የሚሆን፣ ከተገኘ ይሰራል፣ ርካሽም ነው፣ ሌባም አይፈልገውም። ግን ያ ከሆነ ሁሉም በዛው ይሁን፣ አፈር ውስጥ መዳብና ጋልቫናይዝድ እንዳታገናኝ፣ ዚንኩ እየተበላ ያልቃል። መገናኘት ካለባቸው ከመሬት በላይ፣ ውሃ በማይደርስበት ሳጥን ውስጥ። የላሜራው ብየዳም ዚንኩን ስለሚያቃጥለው የተበየደበትን ቦታ በሬንጅ ድፈነው።

ስለ ኮንክሪቱ የሰማኸው እውነት ነው፣ እንደውም ለድንጋይ መሬት ከተፈለሰፉት ነገሮች ምርጡ ነው እላለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኸርበርት ኡፈር የሚባል መሐንዲስ አሪዞና ውስጥ ለቦምብ መጋዘኖች ኧርዝ መስራት ነበረበት፣ ቦታው ደረቅ ነው ዝናብ የለም፣ እሱ ያደረገው መሠረቱ ኮንክሪት ውስጥ ያለውን ፌሮ ኧርዝ አድርጎ መጠቀም ነው፣ ሰራለት፣ አሁን በስሙ ነው የሚጠራው። ለምን ይሰራል ካላችሁ ኮንክሪት ውሃ ስቦ ይይዛል፣ አካባቢው ሲደርቅ እንኳን እሱ ቶሎ አይደርቅም፣ ከድንጋዩና ከአፈሩ ጋር ደሞ በሰፊው ነው የሚነካካው። ፌሮውም ኮንክሪት ውስጥ እስካለ አይዝግም። አሪዞና ላይ የሰራ ነገር ጅማ ላይ ደሞ ምን ያህል ሊሰራ እንደሚችል አስቡት።

አሰራሩ፦ በትንሹ 6 ሜትር ርዝመት 12 ወይም 14 ቁጥር ፌሮ ያስፈልግሃል፣ ዙሪያውን ቢያንስ 5 ሳንቲም ኮንክሪት ይሸፍነው። የየእግሩ ጉድጓድ ለብቻው ትንሽ ስለሆነ የፊተኛውን ረድፍ እግሮች በአንድ ቦይ አገናኛቸውና ፌሮው ከዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ ይሂድ፣ የሚቀጣጠልበት ቦታ በማሰሪያ ሽቦ ጥብቅ አርጋችሁ ታስራላችሁ ወይም ትበይዳላችሁ። ይሄ ለንፋሱም ስለሚጠቅም ወጪው አያስቆጭም፣ ዳገት ላይ ስለሆናችሁ ንፋስ ፓኔሉን ከስር ነው የሚያነሳው። ከፌሮው አንድ ጫፍ ከኮንክሪቱ በላይ አውጣና ከአርኤችኤሱ ጋር እሰረው። ሁለት ነገር ተጠንቀቅ፣ ከኮንክሪቱ ስር ላስቲክ እንዳታነጥፍ፣ ካነጠፍክ ከመሬቱ ቆረጥከው ማለት ነው። ብቅ የሚለውን ጫፍ ደሞ ከኮንክሪቱ በሚወጣበት ቦታ ላይ ቀለም ወይም ሬንጅ ቀባው፣ የሚዝገው እዛች ጋ ነው። ሌላው ደሞ ኮንክሪት ውስጥ ያለ ፌሮ ከመዳብ ጋር ይስማማል፣ አፈር ውስጥ ካለ ጋልቫናይዝድ ጋር ግን ቀስ እያለ ዚንኩን ይበላል፣ ስለዚህ የኮንክሪቱን መንገድ ከመረጥክ ለቦዩም መዳቡን ብትገዛ ይሻልሃል። ስርቆቱን ካሰብክ ደሞ የቤተሰብ ጉልበት ይበቃችኋል፣ እየቀበራችሁ ለሰፈር አታሳዩ።

ጨውና ከሰሉን በተመለከተ፣ የሰቃው ወንድማችን ያለው ልማድ ሀገር ምድሩ የሚያረገው ነው አውቃለሁ፣ መጀመሪያ ሲለካ ኦሙን በእርግጥ ያወርደዋል። ግን ጅማ በዓመት 1500 ሚሊሜትር አካባቢ ዝናብ የሚወርድበት አገር ነው፣ ጨው ውሃ ይዞት ይሄዳል፣ የሚቀረው ደሞ መዳቡንና ክላምፑን ይበላል። በየጊዜው ጨው የሚጨምር ሰው ካለ እሺ፣ ግን ማን ያስታውሳል? እንሰቱ አጠገብ ጨው መቅበርም ለተክሉ ደግ አይደለም። የሚሞላ ነገር ካስፈለገ ቤንቶናይት የሚባለው ሸክላ ነው ትክክለኛው፣ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ አይታጠብም፣ መዳብም አይበላም። እሱ ካልተገኘ ወንድማችን ያለው የተነፋ ቀይ አፈር በቂ ነው።

አሁን የምለይበት ነገር። 25 ኦም፣ 5 ኦም እያልን ሰውን ባናስጨንቅ ደስ ይለኛል። ቤቱ ውስጥ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ (ሰው ሲይዘው የሚቆርጠው ብሬከር) ካለ ኧርዙ 100 ኦም እንኳን ቢሆን በደንብ ይቆርጣል፣ ሂሳቡ 50 ቮልት ለ0.03 አምፔር ነው፣ ከ1600 ኦም በላይ ይፈቅዳል። ለመብረቅ ደሞ ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ ይጠቅማል ግን አያድንም፣ የተለመደ መብረቅ 30 ሺ አምፔር አካባቢ ነው፣ 10 ኦም የሆነ ቆንጆ ኧርዝ ላይ ብታሳልፈው 300 ሺ ቮልት ነው። ያን ቮልት ማጥፋት አትችልም። የምትችለው ፍሬሙ፣ ኢንቨርተሩ፣ የባትሪው መደርደሪያ፣ የቤቱ ኧርዝ ሁሉም አብረው ከፍ አብረው ዝቅ እንዲሉ ማሰር ብቻ ነው፣ በመሃላቸው ልዩነት ከሌለ የሚቃጠል ነገር የለም። ጎርፍ ሲመጣ አንድ ላይ እንደታሰሩ ጀልባዎች አስባቸው። ስለዚህ ገንዘብህን ሮድ በሮድ ላይ ከምትጨምር ኢንቨርተሩ አጠገብ ደህና የዲሲ ሰርጅ አሬስተር (ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልት ወደ ኧርዝ የሚያስተላልፍ)፣ ታይፕ 2 የሚባለውን፣ አስገባ። 40 ሜትር ስለሆነ ፓኔሉም ጋ አንድ ያስፈልግሃል። የአሬስተሩ ሽቦ እስከ ኧርዝ ባሩ ከ50 ሳንቲም እንዳይበልጥ፣ የተጠቀለለ ሽቦ እዛ ላይ ካየሁ ስራው አልተሰራም ነው የምለው።

አንድ ነገር ደሞ ስለ አርሲዲ። ቴስት የምትለዋን ቁልፍ ተጭነው ሲቆርጥ ኧርዛችን ይሰራል የሚሉ ሰዎች አሉ። ቁልፉ ኧርዝን አይፈትሽም፣ ኧርዝ በሌለበት ቤትም ይቆርጣል። ኧርዝ የሚለካው በኧርዝ ቴስተር ነው፣ በመልቲሜትር አይደለም፣ እሱም በጥርና የካቲት ሲደርቅ ቢሆን ይመረጣል ምክንያቱም ክረምት ላይ ሁሉም ኧርዝ ቆንጆ ነው።


የማና_አባት፦

ልጆቼ ጥሩ ነገር ነው የምታወሩት፣ አላህ ይባርካችሁ። እኔ ስለ ኤሌክትሪክ ብዙም አላውቅ፣ ከብት ግን አውቃለሁ። ባለፉት ዓመታት በእኛ ሰፈር ዛፍ ስር የነበሩ ከብቶች በመብረቅ ሲያልቁ እረኛው ተርፏል፣ እንዴት ነው ነገሩ? ይሄ ልጅ ከብቶቹ በፓኔሉ በኩል ያልፋሉ ብሏልና እሱን ነገር ብታዩለት። እኔም ለፓምፕ ሶላር ላስገባ እያሰብኩ ነው።


የፈረንጅ_አራዳ_ኤሌክትሪሺያን፦

አባቴ እርስዎ ያነሱት እኛ የዘለልነው ትልቅ ነገር ነው፣ ያክብርልን። መብረቅ መሬት ውስጥ ሲገባ ከገባበት ቦታ እየራቀ ሲሄድ ቮልቱ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ አንዱ እግር ያለበትና ሌላው እግር ያለበት መሬት እኩል አይደሉም። የሰው ሁለት እግር ቅርብ ለቅርብ ነው። የከብት የፊትና የኋላ እግር ግን ከአንድ ሜትር በላይ ይራራቃል፣ ኤሌክትሪኩም ከፊት ወደ ኋላ ሲያልፍ ልቡን ይዞ ነው የሚያልፈው። እረኛው ተርፎ ከብቱ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ድንጋይ መሬት ላይ ደሞ ይብሳል፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ታች መግባት ስለማይችል ላይ ላዩን በቀጭኑ አፈር ውስጥ ነው የሚሮጠው።

ስለዚህ ቡናና ፀሐይ ስማኝ፣ ከብቱ ፓኔሉ አጠገብ አይድረስ፣ ጥላ ስለሆነ ፀሐይ ሲበረታ ከስሩ መተኛት ይወዳሉ፣ ዝናብም ሲመጣ እዛ ነው የሚጠለሉት። ከሁሉም ጎን 3 ሜትር ያህል ርቀህ እጠርው። አጥሩ የእንጨት ቢሆን ይሻላል፣ የሽቦ ከሆነ እሱም ከኧርዙ ጋር ይታሰር። አቅም ካለህ ከቦዩ መዳብ ቀጥለህ ፓኔሉን በ1 ሜትር ርቀት ዙሪያውን ክበብ አርገህ አዙረው፣ ክበቡ ውስጥ ያለው መሬት አብሮ ስለሚነሳ ሰው ብረቱን ይዞ ቢቆም እንኳን ልዩነቱ ይቀንሳል። ለኧርዙም ርዝመት ይጨምርልሃል።

አባቴ የእርስዎ ፓምፕ የጉድጓዱ ቱቦ ብረት ከሆነ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ውሃ ውስጥ የገባ ረጅም ብረት ከየትኛውም ሮድ ይበልጣል፣ የፓኔሉን ፍሬም ከሱ ጋር ማሰር ነው። ፕላስቲክ ከሆነ ግን ከላይ እንደተባለው ቦይ ያስፈልጋል። ሲጀምሩ እዚሁ ይጻፉልን እንረዳዎታለን።

እህቴ ኦምና ቮልት ስለ ቁጥሩ ያልሽው ገብቶኛል፣ አርሲዲ ካለ እውነትሽን ነው። እኔ 25 የምለው ብዙ ቤት ስገባ አርሲዲው የለም፣ ወይ ሁልጊዜ ይቆርጣል ተብሎ ተነቅሎ አገኘዋለሁ ለዛ ነው። እና ኢንቨርተሩ በባትሪ ሲሰራ ኒውትራሉና ኧርዙ እንደተገናኙ ካልተረጋገጠ አርሲዲውም ለታይታ ነው የሚሆነው። አንዳንዱ ኢንቨርተር በውስጡ ራሱ ያገናኛል፣ አንዳንዱ ሴቲንግ ላይ የሚበራ ነው፣ አንዳንዱ ጭራሽ የለውም፣ ማኑዋሉ ይታይ። መብራት ኃይል ሲመጣ ደሞ ሁለት ቦታ ላይ እንዳይገናኙ። ይሄን ስራ የሚያውቅ ሰው ይስራልህ፣ በግምት አይነካም።


ቡናና_ፀሐይ፦

እንግዲህ ወስነናል። የፊተኛው ረድፍ እግር በአንድ ቦይ ፌሮ ገብቶበት ኮንክሪት ይሞላል፣ የኬብሉ ቦይ በእንሰቱ በኩል ይዞራል፣ 25 ስኩዌር ራቁት መዳብ ስሩ ይዘረጋል፣ የፓኔሉን ዙሪያ ክበብም ገንዘብ ከተረፈን እናረገዋለን ኢንሻአላህ። ኢንቨርተራችን የኒውትራሉ ነገር ሴቲንግ ላይ ያለው ነው፣ ጠፍቶ ነበር የመጣው። አጥሩን ነገ እንጀምራለን፣ አባታችን የማናው ስላነሱልን አመሰግናለሁ።

የቀረኝ ጥያቄ የፓኔሉ ፍሬም ላይ ነው። ልጁ የመዳቡን ሽቦ ጫፍ ልጦ ፍሬሙ ላይ በብሎን አጣብቆታል፣ በ8ቱም ላይ እንደዛ ሊያረግ ነው፣ ችግር አለው? ሌላ ደሞ የፓኔሉን ኔጌቲቭ ከሮዱ ጋር እንሰር ወይ ብሎ ጠይቆኛል።


ኦምና_ቮልት፦

ኔጌቲቩን እንዳይነካው ንገረው። የአሁኖቹ ኢንቨርተሮች አብዛኞቹ ውስጣቸው ትራንስፎርመር የላቸውም፣ የፓኔሉን ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ ከኧርዝ ጋር ካሰርከው ያቃጥለዋል ወይም ጭራሽ አይነሳም። ኧርዝ የሚታሰረው ብረቱ እንጂ መስመሩ አይደለም፣ ማኑዋሉ ራሱ አድርግ ካላለ በስተቀር።

የፍሬሙ ደሞ ያስቁመው። ፍሬሙ አልሙኒየም ነው፣ ላዩ ላይ አኖዳይዝድ የሚባል ስስ ሽፋን አለው፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ስለዚህ ሽቦውን ቢያጣብቀውም ላይነካ ይችላል። ሁለተኛ ራቁት መዳብና አልሙኒየም በቀጥታ ሲነካኩ በጅማ ዝናብ አልሙኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። ፍሬሙ ላይ የኧርዝ ምልክት ያለበት ቀዳዳ አለ፣ እሱን ተጠቀሙ፣ ቲን የተቀባ ካቦ ጫፍ (ላግ) በፕሬስ ይታሰር፣ ብሎኑ፣ ዳዶውና ሮንዴላው ስቴንለስ ይሁን፣ በላጉና በፍሬሙ መሃል ጥርስ ያለው ሮንዴላ ይግባ፣ ሲጠብቅ ሽፋኑን ቧጥጦ ይገባል። ሽቦው 6 ስኩዌር ይበቃል ግን መብረቅ ስለምትፈራ 16 ብታረገው ይሻላል። ከፓኔል ፓኔል ሲሄድ አንዱ ፓኔል ለጥገና ቢወርድ የሌሎቹ ኧርዝ እንዳይቋረጥ አርገህ አስቀጥለው፣ ማለትም ዋናው ሽቦ ሳይቆረጥ ይሂድና ከሱ ላይ ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ይውጣ።

ሲያልቅ ለዚህ ለዚህ መልቲሜትር ይበቃሃል። ፓኔሉን ሸፍነህ፣ የዲሲ ብሬከሩን አውርደህ፣ ረጅም ሽቦ ዘርግተህ ከመጨረሻው ፓኔል ፍሬም እስከ ኢንቨርተሩ ቦዲ ለካ፣ የለካህበትን ሽቦ ቀንሰህ ከ1 ኦም በታች ካልመጣ የሆነ ቦታ ላይ ሮንዴላው አልነከሰም ማለት ነው። የሚነካበትን የሜትሩን ጫፍ ሽፋኑን ፋቅ አርገህ ነው ደሞ፣ አለበለዚያ ፍሬሙ ደህና ሆኖ ሳለ ተቋርጧል ይልሃል።


ቡናና_ፀሐይ፦

ገባኝ እህቴ፣ የታሰሩትን ነገ ያወልቃቸዋል። ጥርስ ያለው ሮንዴላ ጅማ መርካቶ የት ነው የሚገኘው?


የሰቃ_ልጅ፦

የመኪና መለዋወጫ ሱቆች ጋ ጠይቅ፣ ስቴንለስ ብለህ፣ ማግኔት ይዘህ ሂድ በኃይል የሚስበው ከሆነ አትግዛው። እኔም የአጎቴን ወፍጮ ቤት ኧርዝ የሚለካ ሰው እየፈለግኩ ነው፣ የፈረንጅ አራዳው ወንድሜ ወደ ሰቃ ከመጣህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።